በነፃ ተሰጥቶ በብር የሚገዛ ልብስ

በዋግ ኽምራ ዞን በሰቆጣ ገበያ ተዘርግቶ የሚሸጥ የሰልባጅ ጃኬት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ስጦታ ነው። በአሜሪካ፣ በብሪታንያ ወይም በጀርመን የሚኖር አንድ ሰው ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ፣ የተቸገረ ይልበሰው ብሎ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ያስረከበው ልብስ ነው። ሰጪው አንዲት ሳንቲም አልተቀበለበትም። ያው ልብስ ዋግ ኽምራ ሲደርስ ግን ገበሬው ፍየል ሸጦ፣ ያውም ተከራክሮ የሚገዛው ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ዋጋውም ከዓመት ዓመት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲል አይታይም። ገዢው ቸርቻሪውን ይወቅሳል፤ ቸርቻሪው ቦንዳ (የታሰረ የልብስ ጥቅል) ያከፋፈለውን ጅምላ ነጋዴ፣ ጅምላ ነጋዴው ደግሞ ዶላርንና ኬላን ይወቅሳል። ሁሉም በከፊል እውነት አላቸው። እኔን ከዋጋው መጨመር ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ዋጋ የሚገኘው አገልግሎት እያነሰ መሄዱ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ልብሱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ መንገድ እስካልተቃና ድረስ ርካሽ የሚመስለው ሰልባጅ ለድሃው ውድ ልብስ ሆኖ ይቀጥላል።

አንድ ልብስ ተወደደ ወይም ረከሰ ለማለት የተከፈለበትን ብር ብቻ ማየት አይበቃም፤ የሚያገለግለውን ዘመን ማየት ያስፈልጋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጋዝጊብላና የደሃና ደጋዎች ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሰሃላ በአንጻሩ ወደ ተከዜ የሚወርዱ ቆላዎች ናቸው። ለደገኛው ልብስ ጌጥ ከመሆኑ በፊት መሸሸጊያ ነው። በክረምት ዝናብ የሚያርስ አባወራ፣ በኅዳር ውርጭ ከብት የሚያግድ ልጅ ያላት እናት፣ ከ«ስንት ነው?» ቀጥሎ የሚጠይቁት «ስንት ክረምት ያሻግራል?» የሚለውን ነው። ሂሳቡን ለማሳየት ያህል ብቻ ቁጥር እናስቀምጥ፤ ቁጥሩ የገበያ ጥናት አይደለም። በ600 ብር የተገዛ ጃኬት ሦስት ክረምት ካገለገለ፣ ለአንድ ክረምት ያስከፈለው 200 ብር ነው። በ400 ብር የተገዛው ጃኬት ግን በመጀመሪያው ክረምት ዚፑ ተበላሽቶ፣ ብብቱ ተተርትሮ ከተጣለ፣ ለአንድ ክረምት 400 ብር ወስዷል። ሁለተኛው ገዢ ረክሶለት የገዛ መስሎት ቢመለስም የከፈለው እጥፍ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ባለ 400 ብሩን የሚገዛው ሰው የሂሳብ ጉድለት ያለበት ሰው አለመሆኑ ነው። 600 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ስለማይችል ነው የሚገዛው።

የገጠሩ ሰው ይህን ሂሳብ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ በረባሶን ያየ ይመሰክራል። ያረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን ይህን ጫማ ማንም ለውበቱ አይገዛውም። ድንጋዩንና ጭቃውን ችሎ ዓመት ከዓመት ስለሚያገለግል፣ ሲበጠስም በሚስማር ተመትቶ እንደገና ስለሚጫማ ነው የሚመረጠው። ጋቢም እንዲሁ ነው። ሲገዛ ውድ ነው፤ ግን ለባለቤቱ ቀን ልብስ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ ይቀደዳል፣ በመጨረሻም መወልወያ ሆኖ ያልቃል። እንግዲህ ዋጋን በዘመን መመዘን ለዋግ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር ሰልባጅ ይህን ሚዛን ከእጁ መቀማቱ ነው። በረባሶውን የቆረጠውን ሰው ያውቀዋል፣ ጋቢውን የሸመነውን ሸማኔም ያውቀዋል፤ የሰልባጁን ልብስ ግን ማን ስንት ዓመት እንደለበሰው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እጥበት እንደሚችል የሚነግረው የለም። መለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በማያነበው ቋንቋ ነው፤ ወይም ጨርሶ ተቆርጧል። ቸርቻሪው ራሱ ቦንዳውን የሚገዛው ታስሮ፣ ውስጡን ሳያይ ነውና ቢጠይቁትም የሚመልሰው የለውም።

ልብሱ ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነገር ቢታወቅ ግርታው ይቀንሳል። የበጎ አድራጎት መደብሮች የተሰጣቸውን ሁሉ አይሰቅሉም። የተሻለው ተመርጦ እዚያው ላሉ ገዢዎች ይሸጣል፤ ገቢውም ድርጅቱ ለቆመለት ዓላማ ይውላል። ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ በ1902 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ የጀመረው ጉድዊል ሥራ ያጡ ሰዎችን እያሠለጠነና እየቀጠረ ያደገው በዚህ ዘዴ ነው፤ የብሪታንያው ኦክስፋምም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በሱቆቹ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለድርቅና ለድህነት ሥራ ያውላል። ሳይሸጥ የቀረውና መጀመሪያውኑ ሳይመረጥ የቀረው በኪሎ ተመዝኖ ለልባሽ ነጋዴዎች ይተላለፋል። ነጋዴዎቹም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነፃ ቀጠናዎች፣ በፓኪስታኗ ካራቺ፣ በህንዷ ካንድላ ወደሚገኙ የመለያ ማዕከሎች ይልኩታል። እዚያ በዓይነትና በደረጃ ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜ 50 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ቦንዳ ተጨምቆ ይታሰራል። ወደ እኛ የሚመጣው በርበራን ወይም ጅቡቲን ረግጦ ነው፤ ከዚያ በቶጎ ጫሌና በጅግጅጋ በኩል፣ በድሬዳዋም አድርጎ መርካቶ ይገባል። ከመርካቶ ወደ ሰሜን የሚጫነው ደሴንና ወልድያን አልፎ ነው ዋግ የሚደርሰው።

በእያንዳንዱ ማረፊያ ትርፍ ይጨመራል፣ ምርጡም ይወጣል። ቦንዳ ሲፈታ ቀድመው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ስም ያለው ጂንስ፣ የቆዳ ጃኬት፣ ያልተነካ ጫማ በእነሱ እጅ ተለቅሞ ወደ አዲስ አበባ ቡቲኮች ይሄዳል፤ ተተኩሶ አዲስ መስሎም ይሰቀላል። ቀጥሎ የደሴው፣ ቀጥሎ የወልድያው ነጋዴ ይመርጣል። ሰቆጣ የሚደርሰው በብዙ እጅ ተመርጦ የቀረው ነው። ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ወይም ወደ ጽጽቃ ተጭኖ የሚሄደው ደግሞ ከዚያም የተረፈው ነው። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ገዢ የሁሉንም ትርፍ፣ የሁሉንም ኪራይ፣ የሁሉንም ስጋት ከፍሎ የሚያገኘው ሁሉም አልፈልግም ያሉትን ልብስ ነው። ይህ አንድ ክፉ ነጋዴ የፈጠረው በደል ቢሆን ነጋዴውን መገሠጽ በበቃ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በየማረፊያው አግባብ ያለው ነገር እያደረገ ውጤቱ ግን በድሃው ላይ የሚከመር በመሆኑ ነው ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው።

በምንጩ በኩልም ለውጥ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የበጎ አድራጎት መደብሮች ደንበኞች «በነፃ የተሰጣችሁን ልብስ እንዴት በአዲስ ልብስ ዋጋ ትሸጣላችሁ?» እያሉ ማማረር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። መደብሮቹ የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ይጠቅሳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ያገለገለ ልብስ መልበስ የወጣቶች ፋሽን መሆኑና በኢንተርኔት እየሸጡ የሚተዳደሩ ሰዎች መብዛታቸው ነው። ጉድዊል የጨረታ ድረ ገጹን የከፈተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ከሰፈር መደብር አውጥቶ አገር ላገር ያጫርታል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት ቫሊው ቪሌጅ ደግሞ ከናካቴው የንግድ ድርጅት ነው፤ ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ልብሱን በክብደት እየገዛ ይሸጣል፤ ባለቤቱ የሆነው ኩባንያም በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተመዝግቧል። ይህን መናገር ድርጅቶቹን ለመኮነን አይደለም። ለእኛ ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፤ ድሮ ሳይታወቅ በቦንዳ ውስጥ ያልፍ የነበረው ጥሩ ልብስ ዛሬ እዚያው ተለቅሞ ይቀራል። የመጀመሪያው ማጣሪያ በጠበበ ቁጥር የመጨረሻው ገዢ የሚያገኘው ይሳሳል።

በዚህ ላይ ልብሱ ራሱ ተለውጧል። የኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ15 ዓመት ውስጥ የዓለም የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ ሲጨምር፣ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ ብዛት በ36 በመቶ ቀንሷል። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ለብሶ የጣለው ልብስ ለሚቀጥለው ሰው መልካም ዕድል ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ በብዛት የሚጣለው ልብስ ለብዙ ጊዜ እንዲለበስ ታስቦ የተሰፋ አይደለም። ስፌቱ የላላ፣ ጨርቁ የሳሳ፣ ብዙውም ፖሊስተር ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው የጨርቅ ጭረት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬ ፖሊስተር ነው። ይህ በለንደን ቢሮ ለሚውል ሰው ብዙም ላያስጨንቀው ይችላል። በዋግ ኽምራ ግን ቤተሰቡ በምድጃ ዙሪያ ነው የሚሰበሰበው፤ ጥጥም በእሳት ይቃጠላል፣ ፖሊስተር ግን ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እሳት የሚያነድዱ ሴቶችና ምድጃ ዳር የሚተኙ ሕፃናት ናቸው በዚህ የሚጎዱት። በወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ እየተመታ የሚታጠብ ልብስም በልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዲታጠብ ከተሠራው ልብስ ሌላ ጥንካሬ ይጠይቃል። ስለዚህ የዛሬ 20 ዓመት የነበረው ወፍራም የሱፍ ሹራብና የዛሬው ቀጭን ጃኬት «ሰልባጅ» በሚል አንድ ስም ቢጠሩም አንድ ዕቃ አይደሉም። ዋጋቸውን ማወዳደርም ያሳስታል፤ ዋጋው ባይጨምር እንኳ ገዢው ከስሯል።

ወደ ብሩ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የተደረገውን የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ነው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይሁን እንጂ ሰልባጅ ከዚያ በፊትም በባንክ ዶላር አይመጣም ነበር። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በኢትዮጵያ የተከለከለ ስለሆነ፣ የሚመጣው በኮንትሮባንድ፣ የሚገዛውም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ነው፤ ያ ምንዛሪ ደግሞ ከለውጡ በፊት 100 ብርን ተሻግሮ ነበር። ታዲያ ለውጡ ሰልባጅን ያስወደደው በሌላ በኩል ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚገባው አዲስ ልብስ ሲወደድ፣ አዲስ ይገዛ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛና የከተማ ነዋሪ ወደ ሰልባጅ ወረደ። ድሃው ብቻ ይቆምበት በነበረው መደብ ፊት የተሻለ ኪስ ያለው ሰው መጥቶ ቆመ። በ2014 ዓ.ም ከ30 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ግሽበት ይህን ሽግግር ቀድሞ ጀምሮት ነበር። የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ በ2014 ዓ.ም መጨረሻ 50 ብር ያልሞላው ናፍጣ በ2017 ዓ.ም አጋማሽ በሊትር ወደ 100 ብር ተጠጋ፤ በመንገዱ ጫፍ ላለችው ሰቆጣ ይህ ከማንም በላይ ይከብዳል። ሰቆጣ በ2013 ዓ.ም ማብቂያና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ በጦርነት ውስጥ ያለፈች ከተማ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ። መንገድ ሲዘጋ የሚጫነው ዕቃ ያንሳል፤ ያለው ዕቃ ዋጋ ይንራል።

እዚህ ላይ «ነጋዴው ስግብግብ ባይሆን ይህ ሁሉ አይመጣም» የሚል ይኖራል። አላግባብ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም አልልም። ግን ቸርቻሪው ቦንዳውን ሳይፈታ ከፍሎበታል፤ ግማሹ የማይሸጥ ቢሆን የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የሚሸጠውን ጥቂት ልብስ ዋጋ ከፍ የሚያደርገው የማይሸጠውን ብዙ ልብስ ኪሳራ ለመሸፈን ነው። ኬላ ላይ ሊወረስ የሚችል ዕቃ የሚያመላልስ ሰውም የመወረሱን ስጋት ዋጋው ውስጥ ይከተዋል። የጉምሩክ ኮሚሽን በየጊዜው ከሚያወጣቸው የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝሮች ልባሽ ጨርቅ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያዘው በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ይወደዳል። ክልከላው ልብሱን አላስቀረውም፤ የገዢውን መብት ግን አስቀርቶታል። በሕግ የሌለ ዕቃ ደረሰኝ የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ ተበላሽቶ ቢገኝ የሚከሰስበት ቦታ የለም።

ታዲያ ክልከላው ይነሣ? ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ጋርዝ ፍሬዘር የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከ1981 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ከታየው የልብስ ምርት ማሽቆልቆል ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ያመጣው የልባሽ ልብስ መግባት እንደሆነ ገምቷል። ቁጥሩ ላይ ክርክር ሊኖር ይችላል፤ አቅጣጫውን ግን የሸማኔና የልብስ ሰፊ ሠፈር ያየ ሰው አይክደውም። ልባሽ ያለ ክልከላ የሚገባባቸው አገሮችም ሌላ ዕዳ ተሸክመዋል። በጋና ዋና ከተማ አክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ በዓለም ከታወቁት የልባሽ ገበያዎች አንዱ ነው፤ ከሚገባው ቦንዳ ውስጥ የማይሸጠው ብዙ ስለሆነ የከተማዋ ቦዮችና የባሕር ዳርቻዋ በጨርቅ ቆሻሻ ተሞልተዋል። በሌላ በኩል ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. በልባሽ ልብስ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ስታሳድግ፣ አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አገደችው። በሩን መክፈትም መዝጋትም ዋጋ አለው ማለት ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው፤ በወረቀት ዘግተን በተግባር ከፍተናል።

«እንግዲያው ክልከላው በእርግጥ ይጥበቅና የአገር ውስጥ ፋብሪካ ያልብሰን» የሚለው መልስ ለጆሮ ይጥማል። ይሁንና በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ የተከፈተው የኮምቦልቻው የተተከሉት በዋነኛነት ወደ ውጭ ለመላክ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከአጎዋ ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ሠራተኛም ተሰናበተ፤ የዋግን ገበሬ የሚያለብስ ምርት ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ከእነዚህ ፓርኮች በበቂ አልወጣም። እንደ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ ያሉት የቆዩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ዋነኛ ተቀናቃኛቸው ሰልባጅ ብቻ አይደለም፤ ከእስያ የሚመጣው ርካሽ አዲስ ልብስም አለ። ሰልባጅ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ገበሬው የባሕር ዳር ጨርቅ የሚገዛ ከመሰለን ተሳስተናል። የሚገዛው ከሰልባጁ የባሰ ቶሎ የሚያረጅ አዲስ ልብስ ነው፤ አለዚያም ያለውን እየጣፈ ይቆያል።

እኔ የማየው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ መነሻውም እጃችን ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ባልዲ፣ ሳፋና ኩባያ ተሸክመው በአሮጌ ልብስና በአሮጌ ጫማ ይለውጣሉ። የሰበሰቡት ለነጋዴዎች ይሸጣል፤ ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ተተኩሶ እንደገና ለገበያ ይወጣል። ይህ ኬላ የማይፈራ፣ ዶላር የማይጠይቅ፣ የአገር ሸማኔ ላይ አዲስ ጭነት የማይጨምር ንግድ ነው፤ አስቀድሞ አገር ውስጥ ያለውን ልብስ ዕድሜ ያራዝማልና። የጎደለው ነገር ይህን ልብስ በቀጥታ ወደ ሩቅ ወረዳዎች የሚያደርስ፣ በመንገድም ምርጡን የማያስቀር ተቋም ነው። መቄዶንያን የመሰሉ የአረጋውያንና የሕሙማን መርጃ ማዕከሎች ያገለገለ ልብስ ከከተማው ሰው ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ሕዝቡ ለመስጠት እንደማይሰስት ታይቷል። የጉምሩክ ኮሚሽንም ከወረሳቸው አልባሳት ለተፈናቀሉ ወገኖች የሰጠባቸው ጊዜያት አሉ። እነዚህን ምንጮች አገናኝቶ በሰቆጣ አንድ የበጎ አድራጎት የልብስ ሱቅ ቢከፈት፣ አዲስ ሐሳብ መፍጠር ሳይሆን የተበተነውን ማቀናጀት ነው።

ሱቁ መሸጥ አለበት ወይስ ማደል? ብዙ ቅን ሰዎች በነፃ ይሰጥ ይላሉ። ለተፈናቀለና ለራበው ሰው ትክክል ናቸው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅሎ በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ የከረመ ቤተሰብ ብርድ ልብስና ልብስ በዋጋ ሊጠየቅ አይገባም። በ1977ቱ ድርቅ ከዋግ ተነሥቶ በእግሩ ኮረም የገባውን ሕዝብ ያተረፈው በነፃ የተሰጠ እህል፣ መድኃኒትና ብርድ ልብስ ነው። ቤቱ ለሚኖር ድሃ ግን እደላ የራሱ ችግር አለው። የሚመጣው ሰጪው የተረፈውን እንጂ ተቀባዩ የፈለገውን አይደለም፤ ስሙ በዝርዝሩ የገባና ያልገባ ይቀያየማል፤ ያልሆነው ልብስ ቢሰጠውም «ይቅርብኝ» ለማለት ያፍራል። ትንሽም ቢሆን ዋጋ የከፈለ ሰው የመምረጥና የመተው መብት አለው። ድርቅ በተደጋጋሚ የሚመላለስበት፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲ ኔት የሚረዳበት ዞን በመሆኑ ዋጋው እጅግ ዝቅ ማለት አለበት፤ የመጓጓዣውንና የሱቁን ወጪ ከሸፈነ ይበቃል። ልብስ የሚገዛው ገንዘብ ለልጅ እንቁላልና ምስር ከሚገዛው ኪስ ነው የሚወጣው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም የወጣውና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የዚችን ከተማ ስም ይዟል፤ በማይረባ ጃኬት ላይ የባከነ እያንዳንዱ ብር ከዚያ ዓላማ የተቀነሰ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሱቁ ለገዢው ሚዛኑን መመለሱ ነው። ልብሱ ሲገባ ይለይ፤ ጥጥና ሱፉ ለብቻ፣ ፖሊስተሩ ለብቻ ይሰቀል፤ ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ፤ እንከኑም ይነገር። አንድ ልብስ ሰፊ ሲንጀር ማሽኑን ይዞ በሩ ላይ ቢቀመጥ ዚፕ የሚቀየርለት፣ ብብቱ የሚሰፋለት፣ የአባት ኮት ለልጅ የሚጠብብለት ልብስ ብዙ ነው፤ የአንድ ጃኬት ዕድሜ በሁለት ክረምት ቢጨምር ዋጋውን በግማሽ ከመቀነስ ይሻላል። ጫማ ቅድሚያ ይሰጠው። በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር አካባቢዎች በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ጫማ መጫማት ይከላከለዋል፤ በዚህ ረገድ ጥንድ ጫማ ከሁሉ ልብስ የሚበልጥ ጥቅም አለው። የውስጥ ልብስ ጨርሶ አይሸጥ፤ ልባሽ እንደልብ የምታስገባው ጋና እንኳ ያገለገለ የውስጥ ሱሪ መሸጥን በ1994 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። ሌላው ሁሉ ሳይታጠብ አይሰቀል።

በሰቆጣ መደብ ዘርግተው የሚተዳደሩ ቸርቻሪዎች እንጀራቸው ይነካል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያጡ ወጣቶችና ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። መፍትሔው እነሱን ማግለል አይደለም። ሱቁ የተለየና የታወቀ ልብስ በጅምላ ቢሰጣቸው፣ ታስሮ ከሚመጣ ቦንዳ ዕጣ ይገላገላሉ። የማይሸጠውን ኪሳራ በሚሸጠው ላይ መጫን ካልተገደዱ ዋጋቸውም ይወርዳል፤ ወደ ዝቋላና ወደ ደሃና ገበያዎች ወስደው የሚያደርሱትም እነሱው ይሆናሉ። እነዚሁ ቸርቻሪዎች ርካሹን ልብስ ጠራርገው ገዝተው በውድ እንዳይሸጡ ለአንድ ገዢ የሚሸጠውን መጠን መወሰንና የችርቻሮውን ዋጋ መለጠፍ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ይከላከላል አልልም፤ ዛሬ ካለው ግን በብዙ ይሻላል፤ ዛሬ የተለጠፈ ዋጋ የሚባል ነገር የለምና።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። የዋግ ገበሬ እህሉን ሰብስቦ ገንዘብ የሚያገኘው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ልብስ በብዛት የሚፈለገው ግን ክረምት ሲገባ፣ በነሐሴ ልጃገረዶች ለሻደይ በዓል ሲዘጋጁ፣ በመስከረም ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። የሻደዩ የባህል ቀሚስ የሸማኔና የጥልፍ ባለሙያ ድርሻ ሆኖ ይቆይ፤ ሰልባጅ አይተካውም፣ ሊተካውም አይገባም። የክረምቱ ጃኬት፣ የተማሪው ሹራብና ጫማው ግን በዚያ ወቅት ጎተራው ጎድሎ፣ ዋጋው ሰማይ ወጥቶ ነው የሚገዛው። ሱቁ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ገበሬው ብር ባለበት ጊዜ የክረምቱን ልብስ ቢያቀርብ፣ ወይም ከዚያው ወቅት ጀምሮ በየገበያው ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ በሰኔ እንዲወስድ ቢፈቅድለት፣ 600 ብሩን በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችለውም ሰው ሦስት ክረምት የሚያሻግረውን ጃኬት መግዛት ይችላል።